አርታኢም ምስክርም መሆን

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ላኪዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው፤ ይኸውም ስሙ ገና ያልታወቀ ደራሲ የመጀመሪያ ልቦለዱን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በረቂቁ ላይ ማን፣ ምን ያህል እጁን ማስገባት እንደሚገባው ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ነው የተላኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ ሴት ነኝ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን ኮምቦልቻ በፋብሪካ ሥራ የሚተዳደር ወጣት፣ 512 ገጽ የሆነ የመጀመሪያ ልቦለዱን ይዞልኝ መጣ። ታሪኩ የሦስት ትውልድ ነው፤ በ1966ቱ ረኃብ የመጨረሻ በሬውን ባቲ ገበያ ሸጦ ገመዱን ብቻ ይዞ የሚመለስ አያት፣ በደርግ ዘመን ወታደር የሆነ አባት፣ ዛሬ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ የልጅ ልጅ። «ቲቸር፣ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ፤ ከዚያም ለጀርባ ሽፋኑ ምስክርነት ይጻፉልኝ» አለኝ። የአያቱ ክፍል አስለቅሶኛል። የአባቱ ክፍል እንቅልፍ አመጣብኝ። የልጅቷ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ይመስላል። ልጁ ለማተሚያ ብሎ ከደመወዙ ሲቆጥብ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልቡን መስበር አልፈልግም፤ በስሜ የማላምንበትን መጻፍም አልፈልግም። ምን ያህል ብቆርጥ ነው መጽሐፉ የእሱ ሆኖ የሚቀረው? ምስክርነቱንስ ልጻፍ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ በመጀመሪያ ቀዩን እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። በተማሪ ድርሰት ላይ ቀይ ምልክት የሚደረገው ትክክለኛው መልስ በመምህሩ እጅ ስላለ ነው፤ በልቦለድ ግን መልሱን፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ የያዘው ደራሲው ነው፤ የእርስዎም ሥራ መልሱን ፈልጎ እንዲያወጣ እየጠየቁ ማገዝ ነው። ልጁ «እንደ ድሮው» ማለቱ ከፍቅርና ከአክብሮት መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን እንደ ድሮው ከሆነ እሱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እርስዎም ማርክ ሰጪ ሊሆኑ ነው፤ ይህ ለ512 ገጽ መጽሐፍ አይበጅም።

አርትዖት በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ፊደል ማስተካከል ማለት ሆኖ ቀርቷል። ደራሲው ረቂቁን ሲሰጥ «እስቲ ግድፈቱን እይልኝ» ይላል፤ ተቀባዩም ነጠላ ሰረዝን ከድርብ ሰረዝ እየለየ፣ የተምታታውን «ሰ» እና «ሠ» ወደየቦታው እየመለሰ ገጹን ይፈጃል። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም የመጨረሻው ሥራ ነው። ከእሱ በፊት የዓረፍተ ነገሩ ሥራ አለ፤ ከዓረፍተ ነገሩም በፊት የታሪኩ አጽም አለ፤ ባለታሪኩ ማን ነው፣ ታሪኩ በእውነት የሚጀመረው የትኛው ገጽ ላይ ነው፣ የትኛው ምዕራፍ ቢወጣ ምን ይጎድላል የሚለው። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ አርታኢ ሁለት ወር ሙሉ ሰረዝና አራት ነጥብ ሲያርምበት የከረመውን ምዕራፍ በሦስተኛው ወር መውጣት እንዳለበት ይረዳል፤ ያን ጊዜ ግን ስለደከመበት እጁ ይሳሳል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአንድ ወዳጄን ረቂቅ ሳርም፣ መውጣት የነበረበትን ምዕራፍ አንድም ግድፈት የሌለበት ምዕራፍ አድርጌ አስረክቤያለሁ።

የእርስዎ ተማሪ የገጠመው ችግር፣ ሦስት ትውልድ በአንድ ጥራዝ፣ ከእሱ በፊት ናይጄሪያዊውን ቺንዋ አቼቤን ገጥሞታል። የአቼቤ የመጀመሪያ ረቂቅ የአያትን፣ የአባትንና የልጅን ታሪክ አንድ ላይ የያዘ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ለሬዲዮ ሥልጠና ለንደን ወደሚገኘው ቢቢሲ በተላከ ጊዜ ረቂቁን ከአሠልጣኞቹ ለአንዱ፣ ራሱም ልቦለድ ጸሐፊ ለነበረው ለጊልበርት ፌልፕስ አሳየው። ፌልፕስ ወድዶት «ለአሳታሚ ላሳየው» ቢለው አቼቤ «ገና ሥራ ይቀረዋል» ብሎ ይዞት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል አውጥቶ የአያቱን የኦኮንኮን ታሪክ ብቻ አስቀረና እንደገና ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1958 «ቲንግስ ፎል አፓርት» በሚል ርእስ የታተመው ይህ ነው፤ የልጅ ልጁ ታሪክ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ልቦለድ ሆኖ በ1960 ወጣ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው መቁረጡን የወሰነው ራሱ ደራሲው መሆኑን ነው። ፌልፕስ በረቂቁ ላይ እንደ ባለቤት አልገባበትም፤ አንብቦ፣ ወድዶ፣ ጠብቋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ። አቼቤ እንደገና የጻፈውን ብቸኛ የእጅ ጽሑፍ በታይፕ እንዲመታለት ለንደን ወደሚገኝ ቢሮ በፖስታ ልኮ ለወራት መልስ አጥቶ ነበር፤ የሬዲዮ ጣቢያው አለቃው ለእረፍት ወደ ለንደን ስትሄድ ቢሮው ድረስ ሄዳ ባትጠይቅለት ኖሮ መጽሐፉ ቀርቶ ነበር። ልጁ 512ቱን ገጽ በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዞት እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ ሁለተኛ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሦስተኛውን ለራሱ በኢሜይል ይላከው።

አሁን ወደ እርስዎ ንባብ ልመለስ። አስለቀሰኝ፣ አስተኛኝ፣ ሌላ መጽሐፍ መሰለኝ ያሉት ከዋናው የአርትዖት ሥራ እኩሌታውን የጨረሰ አስተያየት ነው። የቀረው ምክንያቱን መፈለግ ነው። ረቂቁን ሁለተኛ ጊዜ ያንብቡት፤ በዳር በኩል በእርሳስ ሦስት ምልክት ብቻ ያድርጉ፤ አንዱ ልብዎ ለተነካበት፣ አንዱ ግራ ለተጋቡበት፣ አንዱ ደግሞ መጽሐፉን አጥፈው ቡና ለማፍላት ለተነሡበት ቦታ። ሦስተኛው ምልክት የሚበዛበት ክፍል ምን የጎደለው እንደሆነ ያኔ ይታያል። የአባቱን ክፍል ሳላነብ መፍረድ ባይገባኝም ከብዙ የመጀመሪያ ልቦለዶች ያየሁትን ልንገርዎ። ወጣት ደራሲ አያቱን የሚያውቀው በምድጃ ዳር ከሰማው ተረክ ነው፤ በሬው፣ ገመዱ፣ የመንገዱ አቧራ ሁሉ በዓይኑ አለ። የአባቱን ዘመን ግን ከዜናና ከታሪክ መጽሐፍ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ብዕሩ ወደ ዘገባ ይዞራል፤ ጦር ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ፣ አዋጁ ታወጀ፣ ከተማው ተያዘ ይላል፤ አባትየው ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ነገር ራሱ ወስኖ ሲያደርግ አይታይም። እንደዚያ ከሆነ ልጁን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «አባትየው ባይዘምት ኖሮ ምን ሊያደርግ ነበር?» መልስ ካለው ክፍሉ ይድናል። መልስ ከሌለው ያ ክፍል ከመጽሐፉ ቢወጣ አንባቢው አይፈልገውም፤ የልጅቷም ታሪክ እንደ አቼቤው የራሱን ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ አይንገሩት፤ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይጻፉለት። ቃል ሲነገር የሚሰማው ወቀሳው ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ግን ለሊት ብቻውን ሆኖ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። ደብዳቤውን በበሬው ገመድ ይጀምሩት። ልጁን ለማባበል ብዬ አይደለም ይህን የምለው፤ ያ ገጽ የሌላው ሁሉ መለኪያ ስለሆነ ነው። «እዚህ ገጽ ላይ እንዲህ መጻፍ ትችላለህ፤ ከ180 እስከ 300 ያለው ግን የዚህ ሰው እጅ አይመስልም» ቢሉት ሚዛኑን ከራሱ ሥራ ወሰዱለት ማለት ነው፤ (የገጽ ቁጥሩን ከራሴ ነው የፈጠርሁት፤ የእርስዎን ያስገቡ)። ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ይብዛበት። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት አይደውሉለት፤ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይደውላል።

የአካባቢ ሰው አርታኢ ሲሆን ሌላ የማይገኝ ጥቅም አለው፤ የአገሩን ነገር አሳልፎ አይሰጥም። አያቱ ወደ ባቲ የወረደው ሐሙስ ዕለት ከሆነ የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን የሚያውቅ የወሎ አንባቢ እዚያው ላይ ይሰናከላል። አያቱ በ1966 የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ደወል ሲሰማ ከታየ ደግሞ ስሕተቱ የባሰ ነው፤ ፋብሪካው ከአብዮቱ በኋላ፣ በደርግ ዘመን የተሠራ ነውና። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢኖርም በሁለቱ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል የወረደ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ አይቆይም፤ ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ደግሞ ጉም አያስደንቀውም። በአንድ ወረቀት ላይ የታሪኩን ዓመታት፣ የሰዎቹን ዕድሜ፣ ወቅቱን ክረምት ነው በጋ እያሉ በመሥመር ያስፍሩ፤ በሦስት ትውልድ ታሪክ ውስጥ የአንዲት ሴት ልጅ ከእናቷ በስድስት ዓመት ብቻ የምታንስ ሆና መገኘቷ የተለመደ ነው።

ምን ያህል ብቆርጥ ነው የእሱ ሆኖ የሚቀረው ላሉት፣ ልኩ በገጽ አይለካም። እርስዎ መቶ ገጽ ይውጣ ብለው እሱ አምኖበት ቢያወጣው መጽሐፉ የእሱ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በራስዎ ዓረፍተ ነገር ተክተው እሱ ሳያይ ቢያልፍ ግን ያ መሥመር የእርስዎ ሆኗል። ስለዚህ አይጻፉለት፤ ቦታውን ያሳዩት። ከመጀመራችሁም በፊት ረቂቁን ስንት ጊዜ እንደምታዩለትና ባትስማሙ የመጨረሻው ቃል የእሱ መሆኑን ተነጋገሩ።

ምስክርነቱን በሚመለከት መልሴ አጭር ነው፤ አይጻፉ። ረቂቁን ያረመ ሰው ከመጽሐፉ ውስጥ ነው ያለው፤ ምስክር ደግሞ ከውጭ ነው የሚጠራው። በአቼቤም ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች የተለያዩ ነበሩ። ረቂቁ በፌልፕስ በኩል ሃይነማን ወደተባለው የለንደን አሳታሚ ድርጅት ደረሰ፤ ድርጅቱ አፍሪካዊ የጻፈውን ልቦለድ የሚገዛ አንባቢ ይኖር እንደሆነ ሲያመነታ ግን እንዲያነበው የተሰጠው ሰው ዶናልድ ማክሬ የተባለ፣ ያን ሰሞን ከምዕራብ አፍሪካ የተመለሰ የድርጅቱ አማካሪ ነበር። ማክሬ ደራሲውን አላስተማረውም፣ ረቂቁንም አልነካም። ሪፖርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ካነበበው የመጀመሪያ ልቦለድ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ። በዚያ ቃል ሁለት ሺህ ቅጂ ታተመ። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከተናጋሪው ነጻነት ነው፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር የደራሲው መምህር ጽፎት ቢሆን ኖሮ አሳታሚው ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር።

እርስዎ ግን ሌላ መንገድ አለዎት። ልጁ በምስጋና ገጹ ላይ ረቂቁን ያረሙለት እርስዎ መሆንዎን ይጻፍ። ለጀርባ ሽፋኑ ልጁን የማያውቅ፣ ልቦለድ በማንበብ የሚታወቅ አንድ ሰው ይፈልጉ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሥነ ጽሑፍ መምህራን አንዱ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሰው ሙሉውን፣ የታረመውን ረቂቅ ይስጡት እንጂ ሦስት የተመረጡ ምዕራፎች አይስጡት፤ በቂ ጊዜም ይኑረው፤ «ባይሆንልኝ አልጽፍም» ለማለት የሚያስችል ነጻነትም አብሮ ይሰጠው። በእኛ አገር ምስክርነት የሚለመነው መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሽፋኑ ብቻ ሲቀር ስለሆነ የተለመነው ሰው እምቢ ማለት ነውር ይሆንበታል፤ ስለዚህ ሳያነብ ያወድሳል። አንባቢም ይህን ካወቀ ሰንብቷል።

መጽሐፉን አምነውበት ከሆነ ደግሞ ምስክርነት የጀርባ ሽፋን ብቻ አይደለም። ለሚያውቁት መጽሐፍ ሻጭ፣ ለቀድሞ ትምህርት ቤትዎ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ «ተማሪዬ ነው፣ ረቂቁንም ያረምሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ካወቁ በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ይዩልኝ» ብለው ግንኙነትዎን ሳይደብቁ መናገር ይችላሉ። ያን ጊዜም ሆነ ሌላው ሰው ሲጽፍ፣ ቃሉ የተለየ ይሁን። «ተጀምሮ እስኪያልቅ የማይለቅ ድንቅ መጽሐፍ» የሚለው በማንኛውም መጽሐፍ ጀርባ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ የየትኛውም አይደለም። «የመጨረሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ ገመዱን ለምን እንዳልሸጠው የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው» የሚለው ግን የዚህ ልቦለድ ብቻ ነው። አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ማንም ቢጽፈው ልጁን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር አያወዳድረው። ያ ውዳሴ የመጀመሪያ መጽሐፉን ለጻፈ ወጣት ከተሸከመው በሬ የከበደ ቀንበር ነው።

ስለ ቁጠባው ያሰቡት ልክ ነው፤ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ከ512 ገጽ 260 ገጽ የቀረ እንደሆነ የወረቀቱ ወጪ በዚያው መጠን ይቀንሳልና ይህን ለልጁ ሲነግሩት ፊቱ ትንሽ ይፈካል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የመጀመሪያ ልቦለዴን ያረመልኝ የአዲስ አበባ አርታኢ የገጸ ባሕርያቴን «ኸዚህ» ሁሉ «ከዚህ» አደረገው፤ «አብሽር» የሚለውን «አይዞህ» ብሎ ለወጠው፤ አያቴን መስዬ የሣልኋት አሮጊት «ዱአ አርጉልኝ» ያለችውንም «ጸልዩልኝ» አደረገባት። «አንባቢ ሁሉ እንዲረዳው ነው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ሦስቱ ለውጦች እኩል አይደሉም። «ኸዚህ» የድምፅ ጉዳይ ነው፤ በንግግር ውስጥ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን ከተወከው በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጥ ይሁን፤ በተራኪው ቃል ውስጥ ግን ባይገባ ይመረጣል፤ ተራኪው ራሱ የወሎ ሰው ሆኖ በአፉ የሚተርክ ካልሆነ በቀር። «አብሽር» ትርጉሙ ከአጠገቡ ካለው ነገር ስለሚገባ ሳይነካ ቢቀር ማንም አይጠፋበትም፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። «ዱአ»ን «ጸሎት» ማድረግ ግን እርማት አይባልም፤ አርታኢህ ሳያስበው የአያትህን ሃይማኖት ቀየረ። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ተዋልዶ በሚኖርበት በወሎ አንዲት አሮጊት የትኛውን ቃል እንደምትል ደራሲው አውቆ ነው የሚመርጠው፤ አንዳንዴም ሙሉ ምዕራፍ የሚቆመው በዚያ ምርጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ ፌበር የተባለው አሳታሚ የናይጄሪያዊውን የአሞስ ቱቱዎላን የመጀመሪያ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ብቻ የተማረው ደራሲ የጻፈበትን ከሰዋስው የወጣ እንግሊዝኛ አብዛኛውን እንዳለ ተወው፤ የተማሩ ናይጄሪያውያን አንዳንዶቹ አፈሩበት፣ መጽሐፉ ግን ዛሬም የሚነበበው በዚያ አነጋገሩ ነው። ለአርታኢህ ይህን በትሕትና ንገረው፤ «ዱአ»ውን መልስ፣ «አብሽር»ንም መልስ፣ ስለ «ኸ» ግን እሱ ያለውን አንድ ጊዜ አስብበት፤ በየመሥመሩ ሲበዛ ዓይን ያደክማል።

ጥያቄ፦ አርታኢዬ ሦስት ምዕራፎችን እንደ አዲስ ስለጻፈልኝ ስሙ በሽፋኑ ላይ ከእኔ ስም ጎን እንዲወጣ ይጠይቃል። መብት አለው? ከደሴ።

መልስ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲ የሚባለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረው ሰው ነው፤ መብቱም ሥራው ሲፈጠር ይገኛል፤ በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ማረም፣ ማሳጠር፣ ሐሳብ መስጠት ደራሲ አያደርግም። ሦስት ምዕራፍ እንደ አዲስ መጻፍ ግን ከማረም ያለፈ ነውና ጥያቄው ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ስሕተቱም የሁለታችሁም ነው። የሚያዋጣው የእሱን ሦስት ምዕራፎች አስቀምጦ፣ አስተያየቱን ብቻ ይዞ፣ ምዕራፎቹን በራስ ብዕር እንደገና መጻፍ ነው፤ ከዚያም የድካሙን ዋጋ መክፈል፣ በምስጋናው ገጽ ላይ በአርታኢነት ስሙን መጥራት፣ ይህንንም ሁለታችሁ በፈረማችሁበት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስፈር። ምዕራፎቹን እንዳሉ ማቆየት ከፈለጉ ግን ስሙ በሽፋኑ ላይ ይገባዋል።